ያልጠፋው ፋኖስ

ይህን ታሪክ ለመጻፍ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ረጅም ሆኖ አይደለም፤ ዋናው ነገር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ከቀትር በፊት ያለቀ ነው። ያስቸገረኝ መጀመሪያው ነበር። እኔ ደግ ሰው መስዬ የምታይበትን መነሻ ስፈልግ ቆየሁ። እንደሌለ ሲገባኝ ብዕር አነሣሁ።

ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ አንድ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ያጠናሁት የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ነው። ሥራ እስኪገኝ በሚል ቆቦ መናኸሪያው አካባቢ ባለች የአክስቴ ልጅ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጬ የሰው ማመልከቻ እተይብ ነበር። ዓይናፋር ነኝ። ደንበኛ «መቼ ልምጣ?» ብሎ ጠይቆኝ መልሴን ሳይሰማ ይቀርና ሁለት ሦስት ጊዜ ያስደግመኛል። ትምህርት ቤትም ቢሆን የቡድን ሥራ ሲሰጠን እኔ እጽፋለሁ፣ ሌላው ቆሞ ያቀርባል። በጽሑፍ ግን ጠንቃቃ ነኝ፤ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያለቦታዋ ከገባች እስካወጣት ድረስ ምግብ አይበላልኝም።

አንድ ቀን ሰኢድ የሚባል ሰው ጠርዙ የተበላ ደብተር ይዞ ገባ። ቆቦ ውስጥ የውሃ ሞተር ጠጋኝ ነው። ከዚያ በፊት ግን ጅቡቲ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ባሕር ሥር ጠልቀው የሚያዩ ሰዎችን በምትጭን ጀልባ ላይ ይሠራ ነበር። ሥራው ጠላቂዎቹ በጀርባቸው የሚያዝሉትን የአየር ሲሊንደር መሙላት ነው።

«እህቴ፣ ይህን በኮምፒውተር ጻፊልኝ፤ ግን አታሳምሪው» አለኝ።

«አለማሳመር እንዴት ነው?»

«ሰውየው ሞኝ ቢሆን ሞኝ አትበይው፣ ጀግናም ቢሆን ጀግና አትበይው። ያየውንና ያደረገውን ብቻ።»

ደብተሩ ውስጥ ያለው የአደጋ ታሪክ ነው። የጀልባዋ አዛዥ አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ውሃ ውስጥ ክፉ ነገር ሲደርስ፣ ለጥቂትም ቢተርፉ፣ ሁሉም ሰው ጀልባዋ ወለል ላይ ተቀምጦ በተራ ይናገራል። እያንዳንዱ የሚጀምረው ከራሱ ጥፋት ነው። ሌላው እስኪጨርስ አያቋርጥም፤ ቁጣም ስድብም ክልክል ነው። ሰኢድ የሰማውን ግማሹን በዓረብ ፊደል፣ ግማሹን በአማርኛ ጽፎታል። እሱ እያነበበ እኔ እየተየብሁ የአራት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብን።

አንደኛው ታሪክ አየሩ እያለቀ መሆኑን በመለኪያው እያየ፣ «ከጓደኞቼ ቀድሞ የእኔ አለቀ ማለት ነውር ነው» ብሎ ምልክት ሳያሳይ ስለቀረ ወጣት ነው። ሰኢድ አንብቦልኝ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀና፣ «ባሕር ሰው አይገድልም፤ ይሉኝታ ነው የሚገድለው» አለ።

ሌላው ታሪክ ስለ አየር መሙያው ነው። ጎሚስታ ቤት ያለውን ዓይነት ኮምፕረሰር አስቡ፤ በሞተር ይሠራል፣ አየር ስቦ ሲሊንደር ውስጥ ያጭቃል። አየር የሚስብበት ቱቦ ከሞተሩ ጭስ ርቆ ነፋስ በሚመጣበት በኩል መቀመጥ አለበት። አንድ ቀን የሚሞላው ሰው ቱቦውን በትክክል አስቀምጦ ምሳውን ሊበላ ሄደ። ነፋሱ ዞረ። የሞተሩ ጭስ ወደ ቱቦው ገባ። ሁለት ሲሊንደር በዚያ አየር ተሞላ። የመጀመሪያው ጠላቂ ታች ሲደርስ ራሱን እንደያዘው በእጁ አሳየ፤ ከዚያም «ትንሽ ልቀመጥ» የሚል ምልክት ሰጥቶ አሸዋው ላይ ተቀመጠ፤ አልተነሣም። ጓደኛው ሊያነሣው ወረደ። እሱም የተነፈሰው ያንኑ አየር ነው። አንዱ ተረፈ፣ አንዱ አልተረፈም።

«ያ ሲሊንደር የሚሞላው ሰውዬ ስሙ ማን ይባል?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ባዶ ቦታ መተው ስለማልወድ።

«ሰኢድ» አለኝ። «ወለሉ ላይ ቀድሜ የተናገርሁት እኔ ነኝ። ደብተሩን እንድጽፍ ያደረገኝም ያ ቀን ነው።»

ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆመ። ከዚያ እንዳለው፣ ሳላሳምር ጻፍሁት።

ይህ በሆነ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ወደ ዋጃ ሄድሁ። የእናቴ ወንድም አጎቴ ንጉሤ ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት በእግር ገባ ብሎ ሽንኩርት ያለማል። መሬቱ የእሱ፣ ጉልበቱ የአብዱ ነው፤ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። አብዱ አርባ ያልሞላው፣ ሣቁ ከማሳው ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። የእኛ ቤተሰብ ከወደ ማይጨው የመጣ ክርስቲያን ነው፤ የእነሱ ቤተሰብ ደግሞ ከጥንትም የዚያው አገር ሙስሊም። እንዲያም ሆኖ የአብዱ ሚስት ዘሀራ ለእናቴ እንደ እህት ናት። አብዱ ሙሄ የሚባል፣ ከእኔ ትንሽ የሚበልጥ ታናሽ ወንድምም አለው፤ አብሮት ይሠራል።

የራያ ቆላ ሀብቱ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ነው። ክረምት ላይ ውሃው ይቀርባል፤ ከጥር ወዲህ ይሸሻል። የውሃ ሞተር ደግሞ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ከሰባት ከስምንት ሜትር በታች ያለውን መሳብ አይችልም። ስለዚህ ውሃው ሲሸሽ ገበሬው ሞተሩን ይዞ ይከተለዋል፤ በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ መደብ ይቆፍርና ሞተሩን እዚያ ያስቀምጠዋል። የአጎቴ ሞተርም አፋፉ ላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ዐሥር ሜትር ያህል ታች፣ ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር የተቀመጠው። ቤንዚን ሲያልቅ ሰው ወርዶ ይሞላል። መውረጃው ግድግዳው ላይ የተቦረቦረ የእግር መርገጫ ነው።

ያን ቀን ሞተሩ ከማለዳ ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ ሦስት ሰዓት ላይ ጠፋ። ቤንዚን ጨርሷል።

«ትንሽ እንቆይ፤ ጭሱ ይውጣ» አለ አጎቴ።

አብዱ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ። «ሽንኩርቱ ጭስ ይጠብቃል እንዴ ጋሽ ንጉሤ? ውሃው መስመሩ ግማሽ ላይ ነው የቆመው።»

«ጅኑ ቁርሱን ሳይበላ እንዳትወርድበት» አለ ሙሄ እየሣቀ።

ቀልዱ መነሻ ነበረው። ባለፈው ዓመት ራቅ ካለ ቀበሌ ሁለት ሰዎች በአንድ ጉድጓድ ተከታትለው ሞተው ነበር። «ጅን ነው» ተባለ። ጉድጓዱ ተደፈነ፤ የሆነው ነገርም አብሮ ተደፈነ። ሞተር ነበረበት ወይስ አልነበረበትም፣ ማን ቀድሞ ወረደ፣ ማን ተከተለ ብሎ የጠየቀ የለም።

«ጅን አይደለም» አልሁ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «አየር ሲያንስ ነው ሰው የሚወድቀው።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አብዱ ቀልዱን ትቶ፣ «በምን ይታወቃል?» አለኝ።

«ፋኖስ አብርታችሁ አውርዱ። ከጠፋ አየር የለም ማለት ነው። ካልጠፋ አለ።»

ይህን የተማርሁት ክፍል ውስጥ ነው። ውሸት አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው። አየር ያነሰበት ጉድጓድ ፋኖስ ያጠፋል። ሞተር ሲጨስበት የዋለ ጉድጓድ ግን ሌላ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሉት የማይታይ፣ የማይሸት መርዝ በፋኖስ አይታወቅም። ሰው ወድቆም ፋኖሱ ይበራል። ይህንንም አውቀዋለሁ ማለት ይቻላል። ከሁለት ሳምንት በፊት በገዛ ጣቴ ጽፌው ነበር፤ ነገር ግን እኔ ዘንድ ያ የባሕር ታሪክ ነው፣ ይህ የሽንኩርት ማሳ ነው። ሁለቱ አልተገናኙልኝም።

ዘሀራ ከቤት ፋኖስ አምጥታ ለኮሰች። በገመድ አወረዱት። አምስታችንም አንገታችንን አስግገን አየን። ፋኖሱ መደቡ ላይ አረፈና ሳይርገበገብ ቀጥ ብሎ በራ።

«ማሻ አላህ!» አለ አብዱ፤ ወደ እኔ እየጠቆመ። «የተማረ ይግደለኝ!»

ሁሉም ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። በሕይወቴ ተናግሬ ሰው ሲሰማኝ ያ የመጀመሪያዬ ስለነበር፣ ደስታዬን አልደብቃችሁም፤ ፊቴ እስኪሞቅ ነው ደስ ያለኝ።

አብዱ ወረደ። ገመድ አላሰረም፤ ማንም እሰር አላለውም፤ እኔም አላልሁም። የቤንዚኑን ጀሪካን በገመድ ላክንለት። ሞላ፤ ጀሪካኑን ወደ ላይ ሳብን። የማስነሻውን ገመድ ሁለት ጊዜ ሲጎትት ሞተሩ ተነሣ፤ ትንሽ አጉረመረመና መልሶ ጠፋ።

«ምን ሆነ?» ብሎ ጮኸ አጎቴ።

«ራሴን ያዘኝ» አለ ድምፁ። ተረጋግቶ ነው ያለው፤ ጠዋት እንደተነሣ ሰው።

«ውጣ እንግዲያው!»

«እሺ… ትንሽ ልቀመጥ።»

«ትንሽ ልቀመጥ» የሚለውን ከሰኢድ ደብተር በገዛ ጣቴ ጽፌው ነበር። አብዱ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ እግሩን በሞተሩ ሥር ዘርግቶ ተቀመጠ። አገጩ ደረቱ ላይ ወረደ። ፋኖሱ አጠገቡ ነው፤ እንደነበረ ይበራል። ነፋሱ ዞሮ ጭሱ ቱቦው ውስጥ ሲገባ ያየሁት ያህል ተሰማኝ።

ሙሄ ጫማውን አውልቆ ሽርጡን ከፍ አድርጎ እየታጠቀ ነበር። አንድ እግሩን መርገጫው ላይ ሊያሳርፍ ሲል ሽርጡን በሁለት እጄ ያዝሁ።

«አትግባ!»

«ልቀቂኝ!»

«እሱን የጣለው አየር አንተንም ይጥልሃል!»

«አየር አለ ያልሽው አንቺ አይደለሽ? ይኸው ፋኖሱ ይበራል!»

«ተሳስቻለሁ!» ብዬ ጮህሁ። «ፋኖሱ አይናገርም! የሞተሩ ጭስ ነው! ተሳስቻለሁ!»

አጎቴ ክንዴን ያዘኝ። «ልጄ፣ ወንድሙ እዚያ ወድቆ ቁም ነው የምትይው?»

እንዲህ ያለበት ምክንያት ይገባኛል። በእኛ አገር ወንድሙ ጉድጓድ ውስጥ እያለ አፋፍ ላይ ቆሞ ያየ ሰው ዕድሜውን ሙሉ «አፋፍ ላይ የቆመው» ነው የሚባለው። ሠርግ ላይ ይነሣበታል፤ ጠብ ላይ ይነሣበታል። ሙሄ ሞትን አልፈራም፤ ያን ስም ነው የፈራው። እኔ በሽርጡ ይዤ ላስቀረው አልችልም፤ ሊገፋኝ አንድ ክንድ ይበቃዋል። ሁለተኛ ሰው ከወረደ ደግሞ አጎቴ ሦስተኛ ይሆናል። ያ በደብተሩ ውስጥ ያለው፣ ያ በተደፈነው ጉድጓድ የሆነው፣ ዓይናችን ሥር ሊደገም ነው።

ወደ ዘሀራ ዞርሁ። «እትዬ ዘሀራ፣ ሙሄ ከወረደ ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው። ቁም በይው፤ ያንቺን ይሰማል።»

ዘሀራ እስከዚያ ድረስ ራሷን ይዛ ትጮህ ነበር። ዝም አለች። አየችኝ፤ ጉድጓዱን አየች። ከዚያ በማላውቀው ድምፅ፣ «ሙሄ፣ ቁም» አለች። «ሚስቱ እኔ ነኝ። ቁም ያልሁህ እኔ ነኝ። ነውሩ በእኔ ይሁን።»

ሙሄ እግሩን መልሶ አፋፉ ላይ አደረገ።

«ምን እናድርግ ታዲያ?» አለኝ፤ ቁጣው ሁሉ ወጥቶለት።

በዚያ ሰዓት ከአፋር በኩል የሚመጣው ነፋስ መንፈስ ጀምሮ ነበር። ሰኢድ ሲያስጽፈኝ የጀልባዋ ሆድ ሲታፈን በሸራ ነፋስ ያስገቡ እንደነበር በጨዋታ መካከል ነግሮኝ ነበር። ማሽላ የሚያሰጡበት ሰፊ ሸራ አጥር ላይ ተሰቅሎ ነበርና ሮጬ አመጣሁት። ታችኛውን ጫፍ ድንጋይ አስረን ወደ ጉድጓዱ ለቀቅነው። ላይኛውን እኔና ሙሄ እንደ ከረጢት አፍ ከፍተን ወደ ነፋሱ አዞርነው። ሸራው ተነፍቶ ነፋሱን ቁልቁል መላክ ጀመረ። ክንዴ እስኪዝል ያዝሁ። አጎቴ በወፍራሙ ገመድ ሰፊ ማነቆ ሠርቶ አወረደ።

«ጥሪው!» አልሁ ዘሀራን።

«አብዱ! አብዱ! የመሐመድ አባት!»

ምንም የለም። ሸራው ይርገበገባል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ ዘሀራ ስሙን ስትጠራ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ድረስ ነው። ከዚያ አገጩ ትንሽ ቀና አለ።

«ምን ፈለግሽ?» አለ፤ ከእንቅልፉ እንደቀሰቀሱት ሕፃን እየተነጫነጨ።

«እጅህን ነው የምፈልገው! ገመዱ ውስጥ አስገባ!»

«ተዪኝ እስቲ… ልተኛ።»

«ወላሂ ከተኛህ አልምርህም! አሁን ተነሥ፣ ቤት ትተኛለህ!»

እጁን አነሣ። ገመዱ የእጁን አንጓ ብቻ ያዘ። አጎቴ ሊስብ ሲል፣ «አይሆንም፣ ይፈተለካል» አልሁት፤ አላላው። ሁለተኛ አወዛወዘው። ዘሀራ ተቆጣችው፣ ለመነችው፣ በልጁ ስም ማለችበት። በስተመጨረሻ አብዱ ራሱንና አንድ ክንዱን አስገባ።

«አሁን» አልሁ።

ሸራውን ጥለን ሦስታችንም ገመዱን ያዝን፤ ዘሀራም መጣች። ሲነሣ እግሩ ፋኖሱን መታው። ፋኖሱ ውሃ ውስጥ ወድቆ ጠፋ። ገመዱ መዳፌን ላጠው፤ የተሰማኝ ማታ ነው። አብዱ ግድግዳውን እየፋቀ፣ እንደ እህል ጆንያ እየከበደ ወጣ። አፈሩ ላይ ስናስተኛው ያንኮራፋ ነበር። በጎኑ አጋደምነው፤ አንገትጌውን ከፈትን። አጎቴ ወደ አስፋልቱ ሮጦ ባጃጅ ይዞ መጣ። ሆስፒታል ሲደርስ ኦክሲጅን አደረጉለት።

በሁለተኛው ቀን ዓይኑን ገልጦ ዘሀራን የጠየቃት፣ «ውሃው ደረሰ?» ብሎ ነው።

አብዱ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጎረቤቱ ለዱዓ ተሰበሰበ። ከቆቦ ሰኢድን ይዤ ሄድሁ፤ የሆነውን ነግሬው ራሱ ልምጣ ብሎ ነው። አጎቴ ደጅ ላይ ጠብቆ ወደ ጎን ወሰደኝ።

«የፋኖሱን ነገር እንዳታነሺ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ለምን?»

«ሰው ጅን ብሎታል፤ ጅን ይሁን። አብዱ ያን ቀን ምንም አያስታውስም። ሙሄም ሰው ፊት አያነሣውም። ስምሽ ለምን ይነሣል?»

ለእኔ ብሎ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልቤ እፎይ አለ። ዓይናፋር ሰው ዝም በይ ሲባል ትእዛዝ አይመስለውም፤ ስጦታ ነው የሚመስለው።

ዱዓው አልቆ ወሬው ሲጀመር እንደተባለው ሆነ። አንዱ ጅኑ ቀይ ነው አለ፤ ሌላው ጉድጓዱ ያለቦታው ተቆፍሮ ነው አለ። ሰኢድ ሲሰማ ቆየና፣ «አብሽሩ፣ አይዟችሁ፣ እኔ አንድ ልማድ አለኝ» አለ። ስለ ጀልባዋ ነገራቸው። «ሁሉም ከራሱ ይጀምር። ማንም አያቋርጥ። ማንም አይቆጣ። ማን ይጀምር?»

ማንም አልጀመረም። አብዱ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። ከዕድሜው አንድ ቀን ጠፍቶበት የሚፈልግ ሰው ይመስል ነበር። ያን ፊት እያየሁ ዝም ማለት አልቻልሁም። ተነሣሁ።

«ፋኖስ አውርዱ ያልሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

«አልተሰማም! ጮክ በይ!» አለ አንድ ሽማግሌ ከወደ በሩ።

ጮክ አልሁ። ፋኖሱ ካልጠፋ ደህና ነው እንዳልሁ፣ ስለ ሞተር ጭስ የጻፍሁት እያለ እንዳላገናኘሁት፣ ገመድ ሳያስር ሲወርድ እያየሁ ዝም እንዳልሁ፣ ሰው ስለሰማኝ ደስ ብሎኝ እንደነበር ተናገርሁ። አጎቴ መሬት መሬት ያያል። አብዱ ትክ ብሎ አየኝ።

ያኔ ሙሄ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሐሙስ ዕለት የወረድሁት እኔ ነበርሁ» አለ። «ቤንዚን ልሞላ። ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፤ ጉልበቴ ከዳኝ። እንደምንም ወጣሁና አስታወከኝ። ሰው እንዳያይ አፈር መለስሁበት። ፈሪ እንዳልባል ለማንም አልተናገርሁም።» እጁን አየ። «ብናገር ኖሮ ቅዳሜ ማንም አይወርድም ነበር።»

ዘሀራ ናት የተናገረችው፤ ሕጉ አትቆጣ ቢልም።

«ትውከትህን ቀብረህ ወንድምህን ልትቀብረው ነበር» አለችው። ከዚያ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠችና ራሱን በእጇ ያዘችው። ሁለቱም አለቀሱ።

አጎቴ ተከተለ። «ጭሱ ይውጣ ብዬ ነበር፤ ግን አልደገምሁትም። ሽንኩርቱን አየሁና ዝም አልሁ» አለ። ጮክ በይ ያሉኝ ሽማግሌ የገዛ ልጃቸው እንዲሁ ሦስት ጊዜ ራሱን ስቶ እንደሚያውቅ፣ እሳቸውም ክታብ አስረውለት መልሰው እንዳወረዱት ተናገሩ። እስኪመሽ ድረስ ስንሰማ እዚያ ቤት ከተቀመጡት መካከል ስንቱ ከጉድጓድ እየተንገዳገደ ወጥቶ ዝም እንዳለ አወቅን። ስለ ጅን የተናገረ ሰው ከዚያ በኋላ አልነበረም።

ሰኢድ ማንም ሳይወርድ ሞተሩን ከአፋፉ ሆኖ በገመድ ባሰረው ሜንጦ ስቦ አወጣው። የሽንኩርቱ እኩሌታ በዚያ ዓመት ደረቀ። አጎቴም አብዱም ሲደርቅ ቆመው አዩት፤ ቀላል አልነበረም። አሁን በፀሐይ የሚሠራ፣ ውሃው ውስጥ የሚሰጥም ፓምፕ ከጎረቤት ጋር ሆነው ገዝተዋል፤ ጭስ የለውም። የሆነውን በአንድ ገጽ ሳላሳምር ጽፌ ሱቃችን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከሮቢትም ከዋጃም የሚመጣ ገበሬ ቆሞ ያነባል፤ ፎቶ ኮፒ አስነሥቶ የሚሄድም አለ።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መካከል ባሕር ያየ ጥቂት ይሆናል፤ እኔም አላየሁም። ጉድጓድ፣ ጎተራ፣ በር የተዘጋበት የከሰል ምድጃ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። ፋኖስ ስለ ጭስ አይመሰክርም። ሰው ሲወድቅ ተከትሎ መግባት ጀግንነት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አንዱን ሐዘን ሁለት ማድረግ ነው። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍም ማግኘት ይቻላል። እኔ ያገኘሁት ሌላው ነገር ግን ከመጽሐፍ አይገኝም፦ ለጥቂት የተረፈ ሰው ዝም ካለ ቀጥሎ የሚወርደው ሰው አይተርፍም። አጠገባችሁ ያለው ሰው ዝም ያለው ደግሞ እናንተ ከራሳችሁ ስላልጀመራችሁ ሊሆን ይችላል።

አብዱ ድኗል። ያርሳል፣ ይሥቃል። የማስታወስ ችሎታው ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ የድሮውን ያውቃል፣ የትናንቱ ይጠፋበታል። ሐኪሞቹ ጭሱ ነው ብለዋል። በገበያ ቀን ቆቦ ሲመጣ ሱቃችን ጎራ ይልና ከእኔ አጠገብ ወንበር ስቦ፣ «ትርሐስ፣ ያን ቀን ምን ሆኜ ነው? ዘሀራ አንቺ ታውቂያለሽ አለችኝ» ይለኛል። ነግሬዋለሁ፤ ግን አያስታውስም። እንደ አዲስ እነግረዋለሁ። አንድ ጊዜ እስኪያነባ ሣቀ። አንድ ጊዜ እጄን ጨበጠኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ተቆጥቶ፣ «ባታውቂ ለምን ተናገርሽ?» ብሎኝ ወጣ። ልክ ነው። በሚቀጥለው ገበያ ሲመጣ ግን ቁጣውንም ረስቶት ነበር።

ባለፈው ሳምንት መጣ። ሱቁ ሙሉ ነበር፤ ማመልከቻ የሚያስጽፉ፣ ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁ። በር ላይ ቆሞ ያንኑ ጠየቀኝ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። «ሌላ ቀን እነግርሃለሁ» ብዬ ማምለጥ እችል ነበር፤ ሌላ ቀን አያስታውሰውም።

ከወንበሬ ተነሥቼ፣ በር ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «ፋኖስ አውርዱ ያልሁት እኔ ነኝ፣ ጋሽ አብዱ» አልሁ። «ቁጭ በል፣ ልንገርህ።»